ትንሿ ቆጣቢ

ረቡዕ 3

ከሥራ ስገባ፣ ጫማዬን እየፈታሁ፣ የዋልኩትን የምነግራት ሰው ነበረችኝ። መልስ ባትሰጥ እንኳ «እህ» ትላለች፤ «እህ» ካለች ሰማች ማለት ነው። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ጫማዬን ዝም ብዬ እፈታለሁ። ዛሬ ግን ዝምታው አንቆ ያዘኝና ይኸው ደብተር አወጣሁ። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ፊደሌ ቢወላገድም የሚያየው የለም።

ልጄ እቤት መጥታለች። ነፍሰ ጡር ናት፣ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ባሏ ሩቅ፣ ድልድይ ሥራ ላይ ነው፤ ምሰሶው ሳይቆም ፈቃድ የለም ተብሏል። ሐኪሟ ደም ግፊትሽ ከፍ ብሏል፣ ብቻሽን አትሁኚ ስላለቻት ሻንጣዋን ይዛ መጣች። መኝታ ቤቱን ለቀቅኩላት። ለቀቅኩላት ማለቴም ውሸት ነው፤ እናቷ ከሞተች ጀምሮ የምተኛው ሳሎን፣ ሶፋው ላይ ነው። ልጄ ይህን አታውቅም ነበር። የአልጋውን ልብስ ስትገልጥ አቧራው ቦነነ። ዞር ብላ አየችኝ። ሄዳ መስኮቱን ከፈተችው።

ሳሎኑ ይበቃኛል። ለወጥ ቤቱም ቅርብ ነው።

ዓርብ 5

ከምርመራ ስትመለስ በር ላይ ጠበቅኳት። እንዴት ነው ስላት «ትንሽ ነው አሉኝ» ብላ ብቻ አለፈች። ትንሽነት ምን ክፋት አለው፣ እኔም ትንሽ ነበርኩ፣ እናቴ በኮፍያ ነው የያዝኩህ ትለኝ ነበር አልኳት። ሳቅ አለች፤ የሳቋ አጨራረስ ግን አላማረኝም።

በኋላ ከባሏ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማሁ። ሆን ብዬ አይደለም፤ ቤታችን ጠባብ ነው። እንግዴ ልጁ ደም በደንብ አያሳልፍም ብለዋታል። ልጁ የሚያድገው ወደ ኋላ ቀርቶ ነው። ኦክስጅን ያንሰዋል።

ኦክስጅን!

ጸጉሬ ጥቁር ሳለ ጀምሮ የምሠራው ኦክስጅን መሙላት ነው። ባዶ ሲሊንደር ይመጣል፤ መሙያው ላይ እናስራለን፣ ቫልቩን እንከፍታለን፣ መለኪያው ልኩን ሲነካ እንዘጋለን፣ ክዳኑን አጥብቀን መኪና ላይ እንጭናለን። የከተማው በሽተኛ ሁሉ የሚተነፍሰው ከእኛ ግቢ የወጣውን ነው። የእኔ የልጅ ልጅ በእናቱ ሆድ ውስጥ አየር አጥሮታል። ወንዝ ዳር ተቀምጦ በጥም መሞት ይሏል ይሄ ነው።

ሰኞ 8

ለማንም አልናገርም ብዬ ነበር የሄድኩት፤ ሻይ ሰዓት ላይ አፌ አመለጠኝ። ለፉጨት ነው የነገርኩት። ፉጨት የሥራ ጓደኛዬ ነው፤ ቫልቭ ሲያፈስ ከሁላችን ቀድሞ ይሰማል፣ ከየት እንደሚያፈስም ራሱ እያፏጨ ያሳየናል። ዛሬ ግን አላፏጨም። ሻይውን አስቀምጦ ሄዶ ለሌሎቹ ነገራቸው። ለአለቃችንም ነገረው።

አለቃችን ቆጣ ብሎ መጣ። እኔ ላይ የሚቆጣ መስሎኝ ተነስቼ ቆምኩ። «የገዛ ልጃችን አየር አጥሮት እኛ ለሰው አየር ስንጭን!» አለ። ትንሿን ሲሊንደር፣ አምቡላንስ ውስጥ የምትገባዋን፣ ውሰድ አለኝ። አንዱ መቆጣጠሪያዋን ገጠመላት፣ አንዱ ከእሽጉ ያልወጣ ጭንብል አመጣ። ሁሉም በአንድ አፍ፣ ኦክስጅን ካነሰው ኦክስጅን ነው መድኃኒቱ አሉ። እኔም እንደዚያው አሰብኩ። ማን ሌላ ያስባል?

እጄ ተሰነጣጥቋል። እኛ ሥራ ላይ ቅባት አይነካም፤ ቅባትና ኦክስጅን ከተገናኙ እሳት ነው። በሕይወት ሳለች ቅዳሜ ማታ ብቻ፣ በማግስቱ ሥራ ስለሌለ፣ እጄን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትቀባኝ ነበር። «ሚስትህ ነኝ ወይስ መካኒክህ?» እያለች። አሁን ቅዳሜም እንደ ሰኞ ደረቅ ነው።

ማክሰኞ 9

ሲሊንደሯ ገባች። ፉጨት በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አድርጎ ነው ያመጣት። የጎረቤታችን ሚስት ምንድን ነው የታቀፍከው ብትለው፣ «አማቴ ናት፣ ገና አሁን ነው ያስተኛኋት፣ ቀስ በይ» አላት።

ምድጃውን ከመኝታ ቤቱ ግድግዳ አራቅኩ። ሻማ ከልክያለሁ፤ ለራሴም። ጸሎቴን ሳላበራ አደርሳለሁ።

ልጄ ሲሊንደሯንም እኔንም አየች። «አባዬ፣ ሐኪሟን ልጠይቃት መሰለኝ» አለች። ኦክስጅን አነሰ ያለችሽ እሷ አይደለች እንዴ፣ ምኑ ነው የሚጠየቀው አልኳት። ጭንብሉን ተቀብላ አፏ ላይ አደረገች። መቆጣጠሪያዋን ቀስ ብዬ ከፈትኩ። ሽው የሚለውን ድምፅ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! እንደ ዛሬ ግን ጣፍጦኝ አያውቅም።

ሐሙስ 11

ከምሳ በኋላ ወሰደች። ጉንጯ ቀላ ያለ መሰለኝ። በሥራም ደክሜያለሁ፣ አጭር ልጽፍ። አምላኬ ሆይ፣ ከእኔ እጅ ያለፈውን ሁሉ ለዚህ ልጅ አድርስለት።

እሑድ 14

ከጸሎት ስመለስ ልጄ ስልክ ላይ ነበረች፣ በሩ ገርበብ ብሏል። «ለእሱ ብዬ ነው እንጂ... ፊቱን ብታየው እኮ» ትላለች። ባሏ ምን እንዳላት አልሰማሁም። «እሺ፣ እሺ፣ እነግረዋለሁ» አለች። ለማን ምን እንደምትነግር አልጠየቅኩም። የሰው ስልክ ማዳመጥ ነውር ነው። ጫማዬን በእጄ ይዤ ወደ ወጥ ቤት ሄድኩ።

ስገባ ጭንብሉን አድርጋለች። እጇን አወዛወዘችልኝ፣ እንደ ሕፃንነቷ።

ከበሩ ጀርባ የእናቷ ሹራብ እስካሁን ተሰቅሏል። ልጄ ላንሳው ወይ ብላኝ ነበር፤ ቦታ አልያዘም አልኳት። እውነት ነው፣ አንድ ሚስማር ነው የያዘው።

ማክሰኞ 16

ቀጠሮዋ ዛሬ ነበር። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላቋረጠም፣ ታክሲ የለም፣ መንገዱ ሁሉ ጎርፍ ነው። ካፖርቷን ለብሳ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። እግሯ ማበጡን አየሁና አሳዘነችኝ። ለሚቀጥለው ማክሰኞ ቢሆንስ ያልኩት እኔ ነኝ። ደግሞ ኦክስጅንሽን እየወሰድሽ ነው፣ ምን ጎደለሽ አልኳት።

ትንሽ አሰበች። ካፖርቷን አወለቀች።

ሐሙስ 18

ልጁ ተረጋጋ! ሰሞኑን ስትቀመጥ ቀሚሷ ከላይ ሲንፈራገጥ አይ ነበር፤ አንድ ጊዜ ሆዷ ላይ ያስቀመጠችውን ብርጭቆ ገፍቶ ጥሎባታል። ትናንትና ዛሬ ግን ጸጥ ብሏል። ጠገበ ማለት ነው። ጡት የጠገበ ልጅ ደህና እንደሚተኛ ማን ያጣዋል? ለፉጨት ነገርኩት፤ እሱም ግቢው መሀል ቆሞ ለሁሉም አወጀ። አጨበጨቡልኝ። አለቃችን ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ሳንጎራጉር ራሴን ያዝኩት። ምን ያህል ጊዜ ሆነኝ?

ለልጄም ይህንኑ ነገርኳት። ፈገግ አለች። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ግን ብዙ ቆየች። ትንሽ ጫን ጫን ታደርገው ነበር፤ በር እንደሚያንኳኳ ሰው።

ቅዳሜ 20

ሆስፒታል። ጠዋት ቀስቅሳ «አባዬ፣ እንሂድ» አለችኝ። ከትናንት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም። የልቡ ምት አለ ብለዋል። አለ። ሌላውን በኋላ።

ቅዳሜ 20፣ ማታ

እሷን አስተኝተዋታል። እኔን ወደ ቤት ሰደዱኝ። የሰማሁትን ሳልረሳው ልጻፈው።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ዓይኗ እንቅልፍ አጥቶ ቀልቷል። ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ማህፀን ውስጥ ድሮም አየር ጥቂት ነው አለችኝ። ጤነኛው ፅንስ እንኳ የሚኖረው ረጅም ተራራ ጫፍ ላይ እንደወጣ ሰው ነው። ፈጣሪ ለዚያ ብሎ ደሙን ከእኛ ደም ለይቶታል (ፈጣሪ ያልኩት እኔ ነኝ፣ እሷ እንደዚያ አላለችም)። የእኛ ደም ኦክስጅንን በመዳፉ ቢይዝ፣ የፅንሱ በጡጫው ጨብጦ ይይዛል፤ የእናቱ ደም አጠገቡ ሲያልፍ ከላዩ ላይ ይነጥቃል። ስለዚህ በጥቂቱ ይኖራል።

ታዲያ እንግዴ ልጁ ሲታመምና የሚያልፍለት ከጥቂትም ሲያንስ ልጁ ይቆጥባል። ያለችውን ደም መጀመሪያ ለአንጎሉና ለልቡ ይልካል። እጅና እግሩን፣ አንጀቱን፣ ኩላሊቱን፣ እናንተ ቆዩ ይላቸዋል። ጭንቅላቱ ደህና ሆኖ ሆዱና ጭኑ የቀጠነው ለዚህ ነው። ማደጉን ይቀንሳል። በዚህ ብዙ ሳምንት ይገፋል፣ ለዘላለም ግን አይደለም። ይህም አልበቃ ሲለው መንፈራገጡን ይተዋል።

ጠግቦ መስሎኝ ነበር አልኳት።

«አይደለም፣ አባት። የሚያወጣው ቢያጣ ነው» አለችኝ።

እኔ በደስታ ሳንጎራጉር እሱ እዚያ ውስጥ የመጨረሻውን እየቆጠበ ነበር።

ልጄ አልጋዋ ላይ ሆና «ስለ ሲሊንደሯም ንገራት» አለችኝ። ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። የልጄን ጣት አንስታ ጣቷ ላይ የተቆነጠጠችውን መለኪያ አሳየችኝ። የእሷ ደም ሞልቷል፣ ያለ ጭንብልም ሙሉ ነው አለች። ከዚያ ሥራዬን ጠይቃኝ ስለነበር፣ ሲሊንደር ከሞላ በኋላ ብትጨምሩበት ምን ይሆናል አለችኝ። አይቀበልም አልኳት። ይኸው ነው፣ የጠበበው ከእሷ ወደ ልጁ የሚወስደው መንገድ ነው አለች።

ይህን ለእኔ ሰው ይነግረኛል? ሲሊንደሩ ሞልቶ በሽተኛው አየር አጠረኝ ካለ መጀመሪያ የሚታየው ቱቦው ነው። ትናንት የተቀጠረ ሰው ያውቃታል። አለቃው፣ ፉጨት፣ እኔ፣ ያ ሁሉ ሰው ቆመን፣ አንዳችን እንኳ ቱቦው እንዴት ነው አላልንም። ለሌላ ሰው ቢሆን እንል ነበር። ለገዛ ልጅ ሲሆን ግን ሰው የሚያውቀውን ሁሉ ይረሳል መሰለኝ። ወይም እኔ ብቻ ነኝ እንደዚያ።

እሑድ 21

ለሳንባው ማጠንከሪያ ብለው ለልጄ መርፌ ወጓት። አሁን ነገሩ ሁለት ጫፍ ሆኗል፤ ቶሎ ቢያወጡት ሳንባው ጥሬ ነው፣ ቢያቆዩት ልቡ ይደክማል። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ የልቡን ምት በማሽን እያዩ፣ እስከቻለ ድረስ ይቆይ ብለዋል። እስከቻለ ድረስ።

ብርቱካን እየላጥኩላት «መቼ ነው መቀነሱን ያወቅሽው?» አልኳት።

«ሐሙስ» አለችኝ።

«ታዲያ ያኔ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ደስ ብሎህ ነበራ። እማዬ ከሞተች ወዲህ ስታንጎራጉር ሰምቼህ አላውቅም።»

ቢላዋውን ላጥብ ብዬ ወጣሁ። ቢላዋው ንጹሕ ነበር።

ሰኞ 22

ሲሊንደሯን መለስኩ። በብርድ ልብስ አልጠቀለልኳትም። ግቢ ስገባ ሁሉም መጡና ከበቡኝ፤ ሐኪሟ ያለችውን ነገርኳቸው። አለቃችን ኮፍያውን አውልቆ ውስጡን ሲያይ ቆየ።

ፉጨት ሲሊንደሯን ከእጄ ተቀበለኝ። «ቱቦው ጠቦ እኛ ሲሊንደር ስንገጥም ከረምን በለኛ፣ ጋሼ» አለ። ቆይቶ ደግሞ «ምን እናድርግ፣ መሙላት ብቻ ነው የምናውቀው» አለ።

ፈቃድ ወሰድኩ።

ረቡዕ 24

የልቡ ምት ማሽኑ ላይ ሲሰማ ፈረስ ጭቃ ላይ እንደሚሮጥ ነው። ስሰማው እዚያው ወንበሬ ላይ ያንቀላፋኛል፣ ሲያቆሙት እነቃለሁ። ከጎናችን ያለችው ሴት «አባትሽ የሚተኙት በልጅሽ ዘፈን ነው» ብላ ትስቅብኛለች። ዛሬ ሁለቴ ረገጠ። ደካማ ናት፣ ግን ረገጣ ናት።

አማቼ ደወለልኝ፤ ለእሷ ሳይሆን ለእኔ። «አባቴ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ድልድዩን ጥዬ ልምጣ?» አለኝ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ነበር። እዚህ እኔ አለሁላት ልለው ነበር። ከዚያ ና አልኩት። ና ልጄ፣ ሚስትህ ናት አልኩት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አፌ መረረኝ። የሆስፒታሉ ሻይ ይሆናል።

ዓርብ 26

እናቷ ይህችን ልጅ ስታረግዝ እጄን ወስዳ ሆዷ ላይ ታስቀምጠው ነበር። እኔ ምንም ሳይሰማኝ «አዎ፣ አዎ» እላት ነበር፣ ደስ እንዲላት። «ውሸታም፣ ተኝታለች እኮ» ትለኝ ነበር። ዛሬ ብትኖር አንድ ጊዜ ሆዷን ዳስሳ ታውቀው ነበር። ለእኔ ማን ይንገረኝ? ስለ ልጄ ብዬ ነው የምጽፈው፣ ግን እጄ ወደ እሷ ይሄዳል። ድምፅዋን እየረሳሁ ነው። «እህ» የምትለውን ብቻ አልረሳሁም።

ልጄ ዛሬ ድንገት፣ ሳሎን ለምን ትተኛለህ አለችኝ። ይበቃኛል አልኳት። ጓሮ ያሉትን ሁለቱን ክፍል ለምን ቆለፍካቸው፣ ወንበሮቹስ የት ሄዱ፣ አክስቴ ጋ ለምን አትሄድም አለችኝ። ለአንድ ሰው ስንት ወንበር ያስፈልጋል አልኳት። «ሐኪሟ ያለችውን ታስታውሳለህ? ልብና ጭንቅላቱን ይዞ ሌላውን ሁሉ ዘግቶ ይኖራል፤ ግን እንደዚያ ሆኖ ለዘላለም አይኖርም ያለችውን?» አለችኝ።

ስለ ልጁ ነው። አስታውሳለሁ አልኳት።

በመስኮቱ በኩል ቆሜ ጸለይኩ። አምላኬ፣ ማንም ሳያስተምረው መቆጠብን ያሳወቅከው አንተ ነህ። እንግዲህ የሚያወጣው ስጠው።

ማክሰኞ 30

ጠዋት ምቱ ወረደ። ወጣ፣ እንደገና ወረደ። ሐኪሟ ወረቀቱን ጎትታ አየችና ከዚህ በላይ አንጠብቅም አለች። አልጋዋን ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል እየገፉ ሲወስዷት ልጄ ቀለበቷን አውልቃ እጄ ላይ አስቀመጠችው። መንገዱን ሁሉ እጇን ይዤ ሄድኩ፤ በሩ ላይ አስለቀቁኝ። አማቼ ገና መንገድ ላይ ነው።

ቀጥሎ፦

ሴት ናት። ኪሎ ተኩል አትሞላም። የድመት ግልገል የምታህል ድምፅ አሰምታለች። በሩ ተከፍቶ ሲዘጋ ሰማኋት። ልጄ ደህና ናት፣ ግፊቷ ግን አልወረደም።

ተመስገን። ተመስገን። ተመስገን።

ረቡዕ 1፣ አዲሱ ወር

የትንንሾቹ ክፍል ሙቀት ያለው ነው። በማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ተኝታለች፤ ጭንቅላቷ የሰው ጭንቅላት ነው፣ ጭኗ ግን አውራ ጣቴን አያክልም። ያንን የቆጠበችውን በዓይኔ አየሁት። ስም አልወጣላትም፣ አባቷ ይምጣ ተብሏል። እኔ ለጊዜው ትንሿ ቆጣቢ እላታለሁ።

አፍንጫዋ ላይ ቀጭን ቱቦ አለ። ቱቦውን በዓይኔ ተከተልኩት፣ ግድግዳው ውስጥ ይገባል፤ ከግድግዳው ጀርባ ያሉት ሲሊንደሮች የእኛ ናቸው፣ ክዳናቸውን አውቀዋለሁ። ልቤ ሞላ። በመጨረሻ ደረሰላት አልኩ። ግን መለኪያውን ሳየው የተከፈተው ከምንም የማይቆጠር ነው። ሲስተርን ትንሽ ቢጨምሩላት አልኳት። «እነዚህ ላይ ኦክስጅን መድኃኒት ነው፣ አባት። ሲበዛ ዓይናቸውን ያጠፋል» አለችኝ። በጥቂት መኖር የለመደ ነው፣ በጥቂት ነው የምናለምደው አለች።

ይህን ያህል ዘመን ስሞላ ኖሬ፣ የሚበዛበት ሰው እንዳለ ዛሬ ሰማሁ። መለኪያው አጠገብ ነበርኩ፤ ሩብ ዙር ብቻ ናት። እጆቼን ሁለቱንም ጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩባቸው።

ዓርብ 3

ልጄ ከአልጋ መነሳት አልተፈቀደላትም። ሕፃኗን በስልክ ፎቶ ነው የምታያት፤ አነሳኋትና አመጣሁላት፣ ፎቶው ግማሹ ጣቴ ነው። አለቀሰች፣ ከዚያ ስለ ጣቴ ሳቀች። አማቼ መንገድ ላይ ወንዝ ሞልቶበት ቆሟል። ድልድይ የሚሠራ ሰው ድልድይ አጥቶ ቆመ ብላ ደግሞ ሳቀች።

ሕፃኗ ስትጠና ከባሏ ጋር ወደ ሥራ ቦታው እንደሚሄዱ ነገረችኝ። ቤት ሰጥተውታል። እያየችኝ ነው የነገረችኝ። ትሄጃለሽ እንጂ፣ ባልሽ አይደል እንዴ አልኳት። «አንተም ትመጣለህ» አለችኝ። እናያለን አልኳት። «እናያለን አይደለም» አለችኝ፤ እናቷን መሰለችኝ። እሺ ማለት ነበረብኝ። ትራሷን አስተካከልኩላት።

እሑድ 5

ሲስተር ጠዋት ኮሪደር ላይ አገኘችኝ። ሕፃኗ ገላ ለገላ የሚይዛት ሰው ያስፈልጋታል፤ በሰው ደረት ላይ ስትሆን ሙቀቷም ልቧም ይስተካከላል አለች። እናቷ አልተነሳችም፣ አባቷ አልደረሰም። እኔ መሆኑን ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። እጄ ሻካራ ነው አልኳት። በእጅ አይደለም፣ በደረት ነው አለችኝ።

ታጠብኩ። ሸሚዜን ሳወልቅ አፈርኩ። ሽማግሌ ነኝ፤ ይህን ደረት ከሚስቴ በቀር ያየው የለም፣ እሷም ከሄደች ወዲህ ማንም አልነካውም። ዘንበል ባለ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ከዚያ ሕፃኗን አምጥተው ልቤ ላይ አስተኟት፣ ከላይ ጨርቅ ደረቡብን። ከመፍቻዬ ትቀላለች። ቱቦው የለም፤ ከትናንት ጀምሮ በራሷ ነው የምትተነፍሰው አሉኝ።

ጆሮዋ ገና እንደ ቅጠል ነው። ትንፋሿ አንገቴ ሥር ይሰማኛል፣ ቆም ይልና እንደገና ይመጣል። ቆም ባለ ቁጥር እጠብቃለሁ። አንቺ ሴት፣ የት ነሽ፣ ነይና እያት አልኩ በልቤ። የምነግራት ይህን ያህል ነገር ኖሮኝ አያውቅም።

ሲስተር ማሽኑን አይታ ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

«አባት፣ ትንፋሽዎን ይዘዋል።»

አላወቅኩም ነበር። እንዳላናውጣት ብዬ ነው መሰለኝ። ከመቼ ጀምሮ እንደያዝኩት እንጃ።

«ይልቀቁት» አለችኝ። «እርስዎ ሲተነፍሱ ነው እሷም የምትለምደው።»

ተነፈስኩ። ደረቴ ከፍ ሲል ከፍ አለች፤ ዝቅ ሲል ዝቅ አለች። ደግሞ ተነፈስኩ።